«ሰኞ እሷ ትጠብቃችኋለች»፦ የአንድ የስፖርት አዘጋጅ ስንብት ከጎጃም

የሬዲዮ ስፖርት አዘጋጅ ሥራ ሲለቅ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኼ ነው፤ ይጠፋል። ቅዳሜ «ሰኞ በሰዓታችን እንገናኝ» ብሎ ይወጣል፣ ሰኞ ሌላ ድምፅ ይመጣል፣ አዲሱ ሰው ስለ ቀድሞው አንዲት ቃል አይተነፍስም። አድማጭ ደውሎ ሲጠይቅ «እረፍት ላይ ነው» ይባላል። ጠያቂው ሲሰለች ነገሩ ይዘጋል።

ከዚህ በታች የምጽፈው እንዲህ ሊሆን ተቃርቦ ሳይሆን ስለቀረ አንድ ስንብት ነው። ጊዜው የካቲት 2016፣ ቦታው ጎጃም ውስጥ ያለ አንድ የኤፍኤም ጣቢያ። እኔ የስቱዲዮ ቴክኒሻን ነበርኩ፤ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው የማቀርበው። ጣቢያውንም ከተማውንም ሰዎቹንም በስም አልጠራም። ሥራ የለቀቀውን «አዘጋጁ»፣ የተካችውን ደግሞ «ተረካቢዋ» እላቸዋለሁ።

የአየር ሰዓት ኪራይ

አዘጋጁ በሙያው የስፖርት መምህር ነው። ማይክ የለመደው በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዋልያዎቹ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ፣ በማግስቱ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ጨዋታውን ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ለተማሪዎቹ ደግሞ አስተላለፈው ይባላል። ርእሰ መምህሩ ደወሉን ማስደወል ረሱ የሚሉም አሉ፤ እሱ ግን ይህን ሲጠየቅ ይስቃል እንጂ አያረጋግጥም። ከእሱ በፊት የነበረው ትውልድ የስፖርት ጋዜጠኛውን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ይዞ ያደገ ነው፤ በ1980 ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች የሚወዳደሩበትን የሴካፋን ዋንጫ ስታነሳ የነበረውን ዘገባ በቃሉ የሚወጣ ሰው አሁንም በየቡና ቤቱ አይጠፋም። የስፖርት ጋዜጠኛ በእኛ ዘንድ ከዜና አንባቢ ይልቅ እንደ ቤተ ዘመድ የሚታየው ከዚያ ጀምሮ ይመስለኛል።

ወደ ሬዲዮ የመጣው በ2010 ነው፤ የመጣውም በደመወዝ ሳይሆን በተባባሪ አዘጋጅነት ነው። አሠራሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ፦ ተባባሪ አዘጋጅ የጣቢያው ሠራተኛ አይደለም። የአየር ሰዓት ይገዛል፣ ፕሮግራሙን ራሱ ያዘጋጃል፣ ስፖንሰርና ማስታወቂያ ራሱ ያፈላልጋል። ከማስታወቂያው ገቢ ላይ የአየር ሰዓቱን ከፍሎ የተረፈው የእሱ ነው፤ ካልተረፈ ዕዳው የእሱ ነው። ከአዲስ አበባ ኤፍኤሞች ጀምሮ ብዙው የስፖርት ፕሮግራም የቆመው በዚህ መንገድ ነው። አድማጭ ግን ይህን አያውቅም። ድምፁን በየምሽቱ ስለሚሰማ ጣቢያው ቀጥሮ የሚያኖረው ይመስለዋል።

ሥራውን በጀመረ በዓመቱ የመጀመሪያው ዱላ መጣ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጨርሶ አስወጣ። ሕጉ ለጤና ብሎ የወጣ ስለሆነ የምከራከርበት ነገር የለኝም። ነገር ግን የስፖርት ፕሮግራም ምሰሶው ቢራ ነበር። አዲስ አበባ ያሉት ትልልቆቹ ሌላ ስፖንሰር ለማግኘት ዕድሉ ነበራቸው፤ ጎጃም ላይ የቀረው የግል ኮሌጅ፣ የቤት ዕቃ መደብርና አንድ ሁለት ሆቴል ነው። ቆየት ብሎ የስፖርት ውርርድ ድርጅቶች በሩን አንኳኩ። አንዱ ወኪል ቢሮ ድረስ መጥቶ በየምሽቱ የጨዋታዎቹን የውርርድ ግምት እንዲያነብለት ጠየቀው። አዘጋጁ እምቢ አለ። ምክንያቱን ለእኔ የነገረኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ቀን የማስተምረውን ልጅ ማታ ገንዘቡን አምጣ አልለውም።» በዚያ ላይ ብዙም አልተነጋገርንም። ከዚያ ወዲህ ሒሳቡ አልተቃናም።

ሁለተኛው ነገር ቀስ ብሎ የመጣ ነው። ለክልል ስፖርት አዘጋጅ ትልቁ ሀብት ቅርብ የሆነ ኳስ ነው። በ2011 ባሕር ዳር ከነማ ፕሪምየር ሊግ ሲገባ፣ በተለይ ደግሞ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዋልያዎቹ ኮትዲቯርን ባሕር ዳር ስታዲየም ላይ 2 ለ 1 ሲያሸንፉ የፕሮግራሙ ስልክ አልዘጋ ብሎ ነበር። አዘጋጁ ራሱ ሜዳ ሄዶ ከደጋፊው መሀል በስልክ ይዘግባል፤ ከኋላው የሚሰማው ጩኸት ብቻውን ፕሮግራም ነበር። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በሱፐርስፖርት መተላለፍ ሲጀምር ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች በዙር ይካሄዱ ጀመር፤ ባሕር ዳርም ተራዋን አግኝታለች። ግን ኳስ ወዳጁ ሜዳ መሄዱን ትቶ ኳስ በክፍያ ቴሌቪዥን የሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት ገባ። በ2014 መጀመሪያ ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙ መሥፈርት አያሟላም ብሎ ከለከለና ዋልያዎቹ ከጋና ጋር የነበራቸውን «የሜዳችን» ጨዋታ ጆሃንስበርግ ሄደው ተጫወቱ። አዘጋጁም እንደ ሌላው ሁሉ ከቴሌቪዥን ላይ አይቶ የሚያወራ ሰው ሆነ።

በጣም በሚሰማበት ጊዜ መልቀቅ

ይህ ክፍል ሰውን ግራ የሚያጋባው ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ያን ጊዜ ስልኩ ላይ ውጤት ያይ የነበረ ወጣት ሁሉ ወደ ሬዲዮ ተመለሰ። ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል፤ ቤቱ ገብቶም ሬዲዮ ይከፍታል። አርሰናል ስንት ለስንት እንደወጣ ለማወቅ እኛን መጠበቅ ግድ ሆነ። ፕሮግራሙ በታሪኩ እንደዚያ ዓመት ተደምጦ አያውቅም ብል የማጋንን አይመስለኝም፤ ከየወረዳው የሚመጣውን ስልክ የማነሣው እኔ ነበርኩና።

ገንዘቡ ግን በተቃራኒው ሄደ። ሆቴሉ እንግዳ የለውም፤ መደብሩ ዕቃ የሚያስመጣበት መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ኮሌጁ ምዝገባ አራዝሟል። ማስታወቂያ የሚሰጥ ጠፋ። የአየር ሰዓቱ ዋጋ ግን ያው ነው። አዘጋጁ ከመምህርነት ደመወዙ እየቆረጠ መክፈል ጀመረ። ባለቤቱ ልጆቹን ይዛ አዲስ አበባ ወንድሟ ጋ ከሄደች በኋላ ሁለት ቤት ማስተዳደር መጣ። በጥር መጀመሪያ ውሉ ላይ በተጻፈው መሠረት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ አስገባ።

ቋሚ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሚጠበቅበት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነበር። ስለ ስንብት ግን ውሉም አዋጁም የሚሉት ነገር የለም። አድማጭን ማን ይሰናበታል፣ መቼ፣ በስንት ደቂቃ፣ ይህን የሚወስነው የሥራ አስኪያጁ ፊት ነው።

ቢሮ ውስጥ

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደሉም። ደብዳቤውን አንብበው በመልቀቁ አዘኑ፤ ዕዳውንም በየወሩ እንዲከፍል ተስማሙ። አየር ላይ መሰናበት እፈልጋለሁ ሲላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«መምህር፣ ለኔ ብለህ ተወው» አሉት። «ደህና ሰንብቱ ለማለት አንተ አፍህን ትከፍታለህ፤ ደዋዩ ምን እንደሚል ግን አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።»

ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ድምፅን ጥቂት ሴኮንድ አዘግይቶ የሚያወጣ መሣሪያ የለንም። ከደዋይ አፍ የወጣ ቃል ያን ጊዜውኑ አየር ላይ ነው። ለዚያ ቃል መጀመሪያ የሚጠየቀው ደግሞ ፈቃዱን የያዘው ጣቢያ ነው። ጊዜው እንኳንስ ለሥራ አስኪያጅ፣ ለሻይ ቤት ወሬም የሚያስፈራ ነበር። እሳቸው ያቀረቡት አማራጭ ሁለት ነው፦ ወይ ዝም ብሎ መሄድ፣ ወይ አስቀድሞ የተቀዳ የሁለት ደቂቃ መልእክት በዜና ሰዓት ማሰማት።

አዘጋጁ የተቀዳውን አልፈለገም። «የተቀዳ ስንብት የሞተ ሰው ነው የሚያስመስለኝ» አለ። በዚህ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፤ ሬዲዮ ላይ ዘወትር በቀጥታ የሚሰማ ድምፅ ድንገት ከካሴት እንደሚወጣ ሆኖ ሲመጣ አድማጩ ወዲያው ያውቀዋል፤ ልቡም ይጠረጥራል።

ሥራ አስኪያጁን ያንበረከካቸው ግን ይህ አይደለም። አዘጋጁ አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው፦ «ዝም ብዬ ብጠፋ፣ በዚህ ጊዜ፣ ሰው ምን ይላል?»

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከእሱ አስቀድሞ አንድ የሙዚቃ ፕሮግራም አዘጋጅ ሳይሰናበት ሄዶ ነበር፤ ሰውዬው የሄደው እህቱን ለመዳር ነው፣ ከዚያም እዚያው ሥራ አገኘ። ከተማው ግን ታስሯል አለ፤ ገጠሩ ሞቷል አለ። ለወራት ስልክ እያነሣሁ «ደህና ነው» ስል ከርሜያለሁ፤ የሚያምነኝ አልነበረም። በሰላሙ ጊዜ ቢሆን አንድ አዘጋጅ ፌስቡክ ላይ ሁለት መስመር ጽፎ ይገላገላል። ያን ዓመት ያ መንገድ ዝግ ነው። ከማይኩ ሌላ መሰናበቻ የለም፤ ማይኩ ከተከለከለ የሚሰናበተው ወሬ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለደኅንነት ብለው የያዙት ዝምታ ይበልጥ አደገኛው እንደሆነ የታያቸው እዚህ ላይ ነው።

ተስማሙ፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። ስንብቱ በፕሮግራሙ የመጨረሻ 5 ደቂቃ ብቻ ይሁን፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይፈቀዳል። ስለ ገንዘብና ስለ ስፖንሰር አይነሣ። ስልክ ይከፈት፣ ነገር ግን ቴክኒሻኑ እያንዳንዱን ደዋይ አስቀድሞ ያናግር። የመጨረሻውን ለእኔ ነው የነገሩኝ፣ ኮሪደር ላይ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «ጣትህ ከፌደሩ ላይ እንዳይነሣ።» ፌደር ድምፅን ከፍና ዝቅ የምናደርግበት መግፊያ ነው።

ማን ይቀጥላል?

አዘጋጁ የጠየቀው ሌላም ነገር ነበር፤ በእኔ እምነት ከስንብቱ የበለጠው እሱ ነው። ፕሮግራሙ እንዳይዘጋ። ጣቢያው ሰዓቱን ለሌላ ተባባሪ አዘጋጅ ሊሸጠው አስቦ ነበር፤ ገዢ አልመጣም። ዜና ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት ሪፖርተር ነበረች፤ የሴቶች እግር ኳስንና አትሌቲክስን የምትከታተል፣ ብዙ ጊዜም ለእሱ ፕሮግራም ዘገባ የምትሠራ። አዘጋጁ «እሷ ትያዘው፣ በደመወዟ» አለ። የፕሮግራሙ ስምና ከአንድ አዝማሪ ጋር ተዋውሎ በማሲንቆ ያሠራው የመክፈቻ ዜማ የማን እንደሆነ ውሉ ላይ አልተጻፈም ነበር። በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ተቀጣሪ በሥራው ላይ የሚፈጥረው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው፤ እሱ ግን ተቀጣሪ አይደለም። ይዞት መሄድ ይችል ነበር። አንድ ገጽ ጽፎ ሁለቱንም ለጣቢያው ለቀቀ፣ ፕሮግራሙ የስፖርት ፕሮግራም ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ በሚል ቃል። ጠበቃ ቢያማክር ኖሮ እንዲህ አታድርግ ይለው ነበር።

የካቲት 9፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ቅዳሜ የተመረጠው ሆን ተብሎ ነው። በየካቲት የእንግሊዝ የቅዳሜ ጨዋታዎች በእኛ 12 ሰዓት ይጀምራሉ፤ ፕሮግራሙ ከ1 እስከ 2 ስለሆነ ሁለተኛው አጋማሽ ሙሉ በሙሉ እኛ ላይ ይወድቃል። ሥራ አስኪያጁ ኳሱ ስንብቱን ያሳንሰዋል ብለው ነው ቅዳሜን የወደዱት። አዘጋጁም የወደደው በዚያው ምክንያት ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ ሁለት የመስመር ስልክ አለ። አንደኛው የአድማጭ ነው። ሁለተኛው የውጤት፦ ገበያ አጠገብ ያለ አንድ የዲኤስቲቪ ቤት አስተናጋጅ ጎል በገባ ቁጥር ይደውላል፤ ሦስት ቃል ተናግሮ ይዘጋል። እኔ ወረቀት ላይ እጽፍና ከመስታወቱ ላይ አስደግፌ አሳያለሁ። ያን ምሽት ወረቀቱን እንድታነብ የተቀመጠችው ተረካቢዋ ናት፤ ከአዘጋጁ ጎን፣ በሁለተኛው ማይክ።

ማሲንቆው ወረደ። አዘጋጁ እንደ ወትሮው «እንደምን አመሻችሁ» አለ። ቀን ላይ ሊቨርፑል ብሬንትፎርድን ሜዳው ሄዶ 4 ለ 1 ማሸነፉን፣ አርሰናል በርንሌይ ላይ ለእረፍት 2 ለ 0 እየመራ መውጣቱን ተናገረ። ከዚያ የተፈቀደችለትን ዓረፍተ ነገር አወጣት፦

«ከእናንተ ጋር የዛሬው የመጨረሻዬ ነው፤ ደህና ነኝ፣ በራሴ ፈቃድ ነው የምሄደው፣ ፕሮግራሙ ሰኞም አለ፤ የቀረውን መጨረሻ ላይ እንጨዋወታለን።»

«ደህና ነኝ» የምትለዋ ቃል ስክሪፕቱ ላይ አልነበረችም። ጣቴ ፌደሩ ላይ ነበር፤ የሚያስነሣ ነገር አላየሁበትም። ወዲያው ሁለተኛው ስልክ ጮኸ። ጻፍኩ፣ ወረቀቱን ለጠፍኩ፣ ተረካቢዋ ያለ ምንም መግቢያ ገባችበት፦ «47ኛው ደቂቃ፣ ቡካዮ ሳካ፣ ለራሱ ሁለተኛ፣ ለአርሰናል ሦስተኛ!» አዘጋጁ አንገቱን ነቀነቀ። የስንብቱ ዜና በወጣ በደቂቃ ውስጥ በሳካ ጎል ተቀደመ።

ከዚያ የአድማጭ ስልክ መብራቱ አልጠፋም። አንዱን ሳነጋግር ሌላው ይጠብቃል። መጀመሪያ ያስገባሁት ከደምበጫ አካባቢ አንድ አባት ናቸው።

«ልጄ፣ ትሄዳለህ አሉ?»

«አዎ አባባ።»

«መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ካንተ ቀጥሎ ያለው የገበያው ዋጋ አለ ወይስ እሱም ሄደ?»

ከአዘጋጁ ፕሮግራም ቀጥሎ የጤፍና የበቆሎ ዋጋ ነው የሚነበበው። «አለ አባባ፣ የትም አይሄድም» አላቸው። «እንግዲያስ ደህና» ብለው ዘጉ። ተረካቢዋ ሳቋን ለመያዝ ማይኩን አጠፋች። ከዚያ ከአማኑኤል የቀድሞ ተማሪው ገባ፤ «መምህር» እያለ ብዙ አመሰገነ፣ እሱም በቶሎ አሳጠረው። ምስጋና ሲረዝም ፕሮግራም ይገድላል የሚል እምነት አለው።

አንዲት እናት ከቢቸና ደወሉ። የሚያዳምጡት ልጃቸው ስለሚያዳምጥ እንደሆነ ነገሩን። «እሷ ልጅ ጎበዝ ናት፤ ግን ትሮጣለች። ቀስ ትበልልን፤ የፈረንጁ ስም አይገባንም» አሉ። አዘጋጁ ሊከላከልላት አልሞከረም። «ሰምታለች እናቴ» ብቻ አለ። ለእኔ ከዚያ ምሽት ትልቁ ርክክብ ያ ነው። አድማጭ ስለ አዲሷ አዘጋጅ ቅሬታውን በእሱ ፊት፣ እሷ እየሰማች ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ ያንን ነገር ጀርባዋ ላይ ማማት ለማንም አልተመቸም።

አራተኛው ደዋይ ነው ያስፈራኝ። አስቀድሜ ሳናግረው ስለ አርሰናል ነው ያለኝ። አየር ላይ ሲገባ ግን ድምፁ ተለወጠ፦ «መቼም ዘንድሮ የማይሄድ የለም። አንተም ሄድክ። እኛ እዚህ ምን ላይ እንዳለን…» ፌደሩን ልስበው ትንሽ ዝቅ አድርጌ ነበር። አዘጋጁ በመስታወቱ አየኝ፣ እጁን በቀስታ አነሣ፣ ቆይ ለማለት።

«ጓዴ፣ እሱን እግዜር ያውቃል፤ ሁላችንም ያለንበት ነው። አንተ የማን ደጋፊ ነህ?»

ሰውዬው ጥቂት ዝም አለ። «የአርሰናል» አለ።

«እንግዲያው ለአንተ የመጣ ነገር አለ።» ተረካቢዋም ወረቀቱን አነበበች፦ 66ኛው ደቂቃ፣ ትሮሳር፣ 4 ለ 0። ሰውዬው ሳቀ። ፌደሩን መለስኩት።

ያ ሰው ተሰምቷል፤ አልተቆረጠም፤ ጣቢያውም አልተነካም። እኔ ብስበው ኖሮ ከመቆረጡ በላይ የሚያወራ ነገር አይኖርም ነበር። አንድ ልምድ ያለው አዘጋጅ ከማንኛውም የማዘግያ መሣሪያ የሚበልጠው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ ጣቢያዎች ግን መሣሪያውን ለመግዛት ይማከራሉ እንጂ ሰውየውን ለማቆየት አይማከሩም።

አምስተኛው ጎል የሃቨርትዝ ነበር፣ 78ኛው ደቂቃ ላይ። በዚህ መሀል ከቡሬ አንድ የቼልሲ ደጋፊ ገብቶ ስለ ስንብቱ ምንም ሳይል ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ማንቸስተር ሲቲ ከቼልሲ ጋር ስላለው ጨዋታ ትንበያውን ያወራ ጀመር። «ሲቲ በሜዳው ነው፤ ግን አያሸንፈንም፤ ጻፉት» አለ። አዘጋጁ ሊከራከረው አፉን ከፈተና ተወው። «ሰኞ እሷ ትጠብቃችኋለች፤ ከእሷ ጋር ተከራከር» አለው። ተረካቢዋ ብዕር አንሥታ የሰውየውን ስም ጻፈች።

አምስት ደቂቃ ሲቀር የአድማጭ መስመሩን ዘጋሁ። ሥራ አስኪያጁ መጥተው ከኋላዬ ቆመዋል። አዘጋጁ የጻፈውን ወረቀት አልተመለከተም። ከያዝኩት ቅጂ ላይ እንዳለ ላስቀምጠው፦

«እኔ እንግዲህ ልሂድ። ቤተሰቤ አዲስ አበባ ነው፤ ልጆቼ ናፍቀውኛል። እዚህ ለተቀመጥኩባቸው ምሽቶች ሁሉ ጎል በገባ ቁጥር የሚደውልልን ልጅ አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ሥራ ላይ ነው፣ አለቃው ይሰማል። እሱን አመሰግናለሁ። ፌደሩን የያዘውን ወንድሜን አመሰግናለሁ። እናንተን ማመስገን አልችልም፤ ዕዳው ብዙ ነው። እህቴ ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ሰዓት ባለቤት ናት። ስሕተት ስትሠራ ደውሉላት፤ እኔንም የሠራችሁኝ እንደዚያ ነው። ደህና ሰንብቱ።»

የመዝጊያውን ቃል ያለው እሱ አይደለም። የመጨረሻ ውጤቶቹን፣ የቶተንሃምን በሜዳው በዎልቭስ 2 ለ 1 መሸነፍ ጨምራ፣ ያነበበችውና ፕሮግራሙን የዘጋችው ተረካቢዋ ናት፤ ቀስ ብላ፣ የቢቸናዋን እናት ሰምታ። ማሲንቆውን ከፍ አደረግሁ። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ አድርገው ወጡ። የገበያ ዋጋ አንባቢው ግን ያን ምሽት ተቆጥቶ ነበር፤ በእሱ ሰዓት ስልኩ ለአዘጋጁ ሲጮህ አምሽቷል።

ከዚያ ወዲህ

ሲቲና ቼልሲ 1 ለ 1 ተለያዩ። ሰኞ ተረካቢዋ የከፈተችው በእሱ ነው፤ የቡሬውም ሰው «ብዬ አልነበር?» ሊላት የመጀመሪያው ደዋይ ሆነ። ተከራከሩ። በዚያ ሳምንት «የት ሄደ» ብሎ የደወለ ሰው ነበር፣ ቅዳሜ ያላዳመጠ፤ ግን «አዲስ አበባ ቤተሰቡ ጋ» ስለው የሚያምነኝ ሆነ፣ ጎረቤቱም በጆሮው ሰምቷላ። ታሰረ የሚል ወሬ እኔ ጋ አልደረሰም።

ከቀሩት ማስታወቂያ ሰጪዎች አንዱ ውሉን አላደሰም፣ ሆቴሉ ቆየ። ፕሮግራሙ የጣቢያው ራሱ ሥራ ስለሆነ የአየር ሰዓት ኪራይ የሚባል ነገር የለበትም፤ አዘጋጁን ያስለቀቀው ችግር በእሱ መሄድ ተፈታ ማለት ነው። ይህን ለሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን በሻይ ሰዓት አነሣሁላቸው፤ «ያን ጊዜ ማን አሰበው» አሉ። እኔ ግን እሱ በነበረበት ጊዜም በደመወዝ መያዝ ይቻል ነበር ባይ ነኝ፤ ማስታወቂያ በጠፋበት ዓመት የአየር ሰዓት ዋጋን እንዳለ ይዞ መቆየት ጣቢያውን የጠቀመው ነገር የለም፤ ያልተከፈለ ዕዳና የተነሣ ሰው ነው ያተረፈው።

በቀጣዩ ዓመት ከተባባሪ አዘጋጆች ጋር በሚፈረመው ውል ላይ አንድ አንቀጽ ተጨመረ፦ ውሉን በስምምነት የሚያቋርጥ አዘጋጅ በመጨረሻው ፕሮግራሙ 5 ደቂቃ አድማጩን ይሰናበታል፤ ተተኪውንም ያስተዋውቃል። ጥሩ ነው። አንቀጹ ግን ጭራ አለው፤ የሚናገረውን ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ያስገባል ይላል። አዘጋጁ ያን ምሽት ከተናገረው ውስጥ አድማጩን ያረጋጋችው «ደህና ነኝ» ከስክሪፕቱ ውጭ ነበረች። ያችን ጭራ ለማስቆረጥ ሁለት ተባባሪ አዘጋጆችና ተረካቢዋ ደብዳቤ አስገብተዋል፤ እኔም ፈርሜበታለሁ። መልሱ ገና አልመጣም።